የደረት ቦቲው ማንገቻ

ሰው ሁሉ ባሌን ውሃ እንደወሰደው ነው የሚያውቀው። እውነት ነው፣ ውሃ ወሰደው። ውሃው ሲወስደው የለበሰውን ልብስ የመረጥኩለት፣ የሰፋሁለትና ቁልፉን በእጄ የቆለፍኩለት እኔ መሆኔን ግን ለብዙ ጊዜ አባቴና እኔ ብቻ ነበርን የምናውቀው። ዛሬ አርጅቻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ይዤው ልቀመጥ አልፈልግም።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ሐዋሳን ያን ጊዜ አዋሳ ነበር የምንላት። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከባህል አዳራሽ ብዙም በማይርቅ አንድ ክፍል ውስጥ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና ይዤ የተማሪ ዩኒፎርምና የካኪ ሱሪ እሰፋለሁ። ስሜ የታወቀው ግን በአደን ልብስ ነው። ይህም በአባቴ ምክንያት ነው።

አባቴ አቶ ተሰማ ለአደን የሚመጡ ፈረንጆችን የሚመራ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ብቻውን ነው ያሳደገኝ። ሌላ አባት ለልጁ ተረት ሲያወራ እሱ ስለ ጨርቅ ያወራኝ ነበር። አዲስ ጣቃ ስገዛ ጫፉን ይዞ ጆሮው ሥር ያሻሸዋል። «ይኼ ይንሿሿል። እኔ ከሰማሁት አጋዘኑ ከእኔ በፊት ሰምቶታል» ብሎ ይመልስልኛል። ለበጋ የደረቀ ሣር የሚመስል ካኪ፣ ለክረምት ድፍን አረንጓዴ። ወደ ኦሞ ሲወርድ ሰማያዊና ጥቁር አይለብስም፤ ከብት የሚገድለው የገንዲ ዝንብ ቀለሙን ይወደዋል። ወደ ባሌ ተራራ ሲወጣ ደግሞ ከውስጥ ሱፍ እንጂ ጥጥ አያደርግም። «ጥጥ አንዴ ከራሰ ብርዱን አጥንትሽ ውስጥ ይዞት ይገባል፤ ሱፍ ግን እርሶም ይሞቃል» ይለኛል። ዚፕ የሚባል ነገር አይወድም፤ ድምፅ አለው። ስለዚህ በክዳን የሚሸፈን ወፍራም ቁልፍ እሠራለታለሁ። የሰፋሁት ኮት እሾህ ውስጥ ገብቶ ሳይተረተር ሲመለስ ኩራቴ ወሰን አልነበረውም።

ባሌ ማቲዎስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። የሲዳማ ልጅ፣ የጴንጤ ልጅ ነው። እኔ ደግሞ የኦርቶዶክስ ልጅ። ስንጋባ ብዙ ሰው ብዙ ተናገረ፤ አባቴና የማቲዎስ እናት ወይዘሮ ማርታ ግን አንድ ቀን አብረው ምሳ በሉና ነገሩን ዘጉት። «ልጆቹ ከተዋደዱ እኔና እርስዎ ምን አገባን?» አለችው ማርታ ለአባቴ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እንደ እህትና ወንድም ነበሩ።

በዚያ ክረምት ማቲዎስን የሳንባ ምች ያዘው። ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ተኛ። ሲወጣ አንገቱ ቀጥኖ፣ ልብሱ ሁሉ ሰፍቶት ነበር። ልጃችን ሊዲያ የስምንት ወር ሕፃን ናት። በሽታው ተመልሶ እንዳይመጣ ፈርቼ ቀኑን ሙሉ «ሹራብ ደርብ፣ ነፋስ ላይ አትቁም» እያልኩ አሰለቸሁት።

ኅዳር ላይ ነው። በመንግሥት እርሻ የሚሠሩ ሁለት ፈረንጆች ቅዳሜ ጠዋት ጨለለቃ ረግረግ ላይ ዳክዬ ማደን ፈለጉ። የአባቴ ረዳት ለብሔራዊ ውትድርና ስለተወሰደ፣ ውሃ ላይ የሚወድቀውን ዳክዬ የሚያመጣ ሰው አልነበረም። ማቲዎስ «ቅዳሜ ትምህርት የለም፤ እኔ እሄዳለሁ» አለ። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ቤት መቀመጥ አንገሽግሾት ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አባቴ ሁለት ነገር ተሸክሞ መጣ። ከዚያ በፊት ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ ትቶለት የሄደ የውሃ ልብስ ነው። አንደኛው እስከ ጭን የሚደርስ የላስቲክ ቦቲ ነው። ሁለተኛው ቦቲና ሱሪው አንድ ላይ የተሠራ፣ እስከ ደረት የሚወጣ፣ በትከሻ በኩል በማንገቻ የሚያዝ ነው። ወለሉ ላይ ዘረጋቸው።

«አንተ የጭኑን ታደርጋለህ፤ ለእኔ ሌላ አሮጌ አለኝ» አለው ለማቲዎስ።

«ይኼኛውስ?» አልኩት የደረቱን እያነሣሁ።

«እሱ ለሌላ ቦታ ነው። ሥሩ ድንጋይ ለሆነ፣ ለሚታይ ወንዝ ነው። ረግረግ ሌላ ነው።»

«አባባ፣ ጠዋት እኮ ብርድ ነው። ውሃው ከጭኑ አልፎ ቢገባበትስ? ሆዱና ደረቱ ሊርስ ነው?»

አባቴ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። ቦቲውን ጭኑ ላይ ለክቶ አሳየኝ።

«ስሚ ልጄ። የጭን ቦቲ ያደረገ ሰው ውሃው እዚህ ሲደርስ ይፈራል። ፈርቶ ይመለሳል። ጥቅሙ እሱ ነው። ከዚህ በላይ የሆነ ውሃ በታንኳ የሚሄዱበት እንጂ በእግር የሚገቡበት አይደለም።»

«እርስዎ የሚያወሩት ስለ ጤነኛ ሰው ነው» አልኩት። «ሐኪሙ ያለኝን እርስዎም ሰምተዋል። ደግሞ ቢመታው አይተርፍም ነው ያለኝ።»

ማቲዎስ ሳቀ። «ይተዋት አባባ፤ ካልሆነ በሱፍ ብርድ ልብስ ጠቅልላ ነው የምትልከኝ።»

አባቴ እኔን አየኝ፣ ማቲዎስን አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን አነሣ። «እንግዲህ ሚስትህ ናት» አለ።

በዕድሜዬ ሙሉ በአደን ልብስ ጉዳይ አባቴን ያሸነፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማቲዎስ ሲለብሰው ሰፋበት። የማንገቻዎቹ መያዣ ብረት ዝጎ ስለተሰበረ ከትከሻው ላይ ይንሸራተታል። «አምጣው» አልኩትና መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ማንገቻዎቹን በልኩ አሳጠርኩ። ከኋላ አጣምሬ፣ ከፊት የአደን ቀበቶ የምሰፋበትን ክር እጥፍ አድርጌ አራት ጊዜ መላልሼ ሰፋሁት። ሲለብሰው እጁን በግድ ነው ያስገባው። ለማውለቅም እኔ ከኋላ መጎተት ነበረብኝ።

«ጠበቀኝ» አለኝ።

«ይሻላል። አሁን ፈረስ ቢጎትተው አይበጠስም» አልኩት።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ሱፍ ሹራብ ከውስጥ አለበስኩት፤ በላዩ የደረቱን ቦቲ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰፋሁለትን አረንጓዴ ኮት ደረብኩለትና ስድስቱንም ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆለፍኩ። በር ላይ ሊዲያን ሳማት። ሲራመድ ላስቲኩ ጧ ጧ ይላል። አባቴ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ቦቲውን አየ።

እኔ ሕፃኗን በጀርባዬ አዝዬ ሥራዬን ጀመርኩ። አምስት ሰዓት ገደማ ጎረቤታችን ጋሪ ነጂው አቶ በየነ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ጋሪውን ወደ ረግረጉ ከሚወስደው የጥቁር ውሃ መንገድ ነው ይዞ የመጣው። ሱሪው እስከ ወገቡ ጭቃ ነው።

«ወይንሸት፣ አባትሽ ይፈልጉሻል» አለኝ።

«ምን ሆኑ?»

«ደህና ናቸው። ደህና ናቸው። ማቲዎስ ትንሽ አሞታል።»

የአገሬ ሰው ሞት ሲነግር እንዴት እንደሚነግር አውቃለሁ። ግን ያን ጊዜ ማመን የፈለግኩትን አመንኩ። ብርድ መትቶት ነው አልኩ። ሊዲያን ለጎረቤት ሰጥቼ ብርድ ልብስ አንጠልጥዬ ጋሪው ላይ ወጣሁ። በመንገዱ ሁሉ «ይተነፍሳል? ያስለዋል?» እያልኩ እጠይቀዋለሁ። አቶ በየነ ፈረሱን ይመታል እንጂ ፊቱን ወደ እኔ አያዞርም። ለፈረሱ በጣም የሚሳሳ ሰው ነበር፤ ሲመታው አይቼ አላውቅም። ያኔ መጠየቄን ተውኩ።

ስንደርስ የረግረጉ ዳር በሰው ተሞልቷል። ፈረንጆቹ መኪናቸው አጠገብ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። አንደኛው ያለቅሳል። አባቴ ባዶ እግሩን፣ ከራሱ እስከ እግሩ ጭቃ ለብሶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ሊነሣ ሞከረና አቃተው።

«የት ነው?» አልኩት።

በእጁ ወደ ደንገሉ አመለከተ። አንድ ታንኳ ላይ አቶ ላንቃሞ የሚባሉ የአካባቢው ገበሬ ቆመው ረጅም እንጨት ውሃ ውስጥ ይሰዳሉ። ያን ጊዜ ገባኝ። ገና አላገኙትም።

በኋላ ከአባቴ እንደሰማሁት፣ አንድ ዳክዬ ከደንገሉ ማዶ ወደቀ። አባቴ «ተወው፣ ሩቅ ነው» ብሎ ጮኸ። ማቲዎስ ግን ውሃው ወገቡ ደርሶም ደረቱ ደረቅ ነበርና አልፈራም። «አይበርደኝም አባባ!» ብሎ እየሳቀ ወደ ፊት ሄደ። ጉማሬ እየተመላለሰ የቆፈረው ቦይ እዚያ ነበር። አንድ እርምጃ ሲራመድ መሬቱ አለቀ። ውሃው በደረቱ በኩል ወደ ቦቲው ገባ። እግሩ እንደ እህል ከረጢት ሞላና ከበደ፤ ጭቃው ከታች ያዘው። ሁለት ጊዜ ብቅ አለ። ሁለቱንም ጊዜ እጁ ደረቱ ላይ ነበር፤ ቁልፍ ይፈታ ነበር። አባቴ ጠመንጃውን ጥሎ፣ የጭን ቦቲውን በአንድ ምት አውልቆ ዋኘ። ፀጉሩን አንድ ጊዜ ነካው። ከዚያ ጭቃ ብቻ ያዘ።

ስምንት ሰዓት ላይ የአቶ ላንቃሞ እንጨት አገኘው። አራት ሰው ወደ ዳር ጎተተው፤ ግን ቦቲው ውሃ ስለሞላ ማንሣት አቃታቸው። ኮቱ ደረቱ ድረስ ተፈትቷል። ሦስት ቁልፍ ፈትቶ ነበር። ከሥሩ ማንገቻዎቹ ትከሻው ላይ እንደተጣበቁ ናቸው። አንዱ ሰው ጎተተው፣ ሌላውም ጎተተው፤ አልወልቅ አለ። አቶ ላንቃሞ ማጭድ አውጥተው ስፌቱን ገዘገዙት። አልቆረጠውም። ሁለተኛ ገዘገዙት። በሦስተኛው ነው የተበጠሰው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ የራሴን ክር አያለሁ። ቀና ብዬ አባቴን ሳየው፣ እሱም ክሩን ያይ ነበር።

ለቅሶውን አልተርክም። ለቅሶ ሁሉም ሰው ያውቃል።

በአምስተኛው ቀን እኔና አባቴ ፖሊስ ጣቢያ ተጠራን። ነገሩ ጠመንጃና የውጭ ሰው ስላለበት በቀላል አልታየም። ሊዲያ እቅፌ ውስጥ ናት። መርማሪው ወረቀት ላይ እየጻፈ ሳያየን ጠየቀ።

«ሟች የለበሰውን ነገር ማን ነው ያለበሰው?»

አፌን ከፈትኩ። ቃል ሳይወጣኝ አባቴ «እኔ ነኝ ጓድ» አለ።

«ለቦታው እንደማይሆን አያውቁም ነበር?»

«አውቃለሁ።»

መርማሪው ቀና አለ። «እያወቁ አለበሱት?»

«ብርድ እንዳይመታው ብዬ ነው።»

«ማንገቻው በክር ተሰፍቷል። ማን ሰፋው?»

«እኔው ነኝ። ሥራዬ ነው፤ የአደን ዕቃዬን ሁሉ ራሴ ነው የምጠግነው።»

መርማሪው የአባቴን ወፍራም ጣቶች ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። «እውነት ነው?» አለኝ።

አንባቢዎቼ፣ ይህችን ሰዓት ብዙ ጊዜ ተመልሼባታለሁ። የሚያስረኝ መስሎኝ ነው ልል እችላለሁ። ሕፃን አቅፌ ነበር ልል እችላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ግን ከሁለቱም በላይ፣ «እኔ ነኝ» የሚለውን ቃል በገዛ ጆሮዬ መስማት ፈራሁ። አባቴ ያንን ቃል ሲወስድልኝ ውስጤ የሆነ ነገር ተነፈሰ። ራሴን ነቀነቅኩ። «እውነት ነው» ማለቴ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ሲወስዱት እጁን ያዝኩት። «አባባ፣ ለምን?»

«ጡት እያጠባሽ ነው» አለኝ። «ወይንሸት፣ ይኼን ነገር ሁለተኛ አታንሺው። ለእኔም ቢሆን።»

አንድ ወር አስረው ለቀቁት። ጠመንጃውን ወሰዱ፤ ከሥራውም ተባረረ። ከዚያ በኋላ እኔ ቤት እየኖረ፣ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ተቀምጦ የዓሣ አጥማጆች መረብ ይጠግን ጀመር። በባሌ ተራሮች ላይ የደጋ አጋዘን ዱካ ይከተል የነበረ ሰው ቀኑን ሙሉ የናይለን ክር ሲቋጥር ይውላል። አንድ ቀንም አላማረረም።

ከሁሉ የከበደው ግን ማርታ ነበረች። ፖሊስ ጣቢያ የተባለውን ሰማች። አባቴ በተፈታ ማግስት ቤት መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ስትናደድ አማርኛዋ ይሰበራል።

«እርስዎ አዳኝ ነዎት። ውሃ ያውቃሉ። እኔ ልጄን ለእርስዎ ሰጠሁ። እርስዎ አለበሱ፣ እርስዎ ሰፉ። ከእንግዲህ አፌ ስምዎን አይጠራም።»

አባቴ አንገቱን ደፍቶ «እውነትዎን ነው» አለ።

እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። ያን ቀንም ዝም አልኩ።

ማርታ የልጅ ልጇን ለማየት በየእሑዱ ከቸርች መልስ ትመጣ ነበር። ስትገባ አባቴ ከወንበሩ ይነሣል፤ ኮፍያውን ያወልቃል። «እንደምን ዋሉ ወይዘሮ ማርታ» ይላል። እሷ እንደ ግድግዳ ታልፈዋለች። እሱ ትንሽ ቆሞ ይጠብቅና ኮፍያውን መልሶ አድርጎ ወደ ውጭ ይወጣል፤ እስክትሄድ አይመለስም። ዝናብ ቢዘንብ እንኳ። እኔ ሻይ እቀዳለሁ። በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ። በየሳምንቱ «ዛሬ እነግራታለሁ» ብዬ እነሣለሁ። ሊዲያ እየሳቀች ጉልበቷ ላይ ስትወጣ አይና «ልጄን ከአያቷ ላጣላት?» እላለሁ። ሰበብ አጥቼ አላውቅም።

በስድስተኛው ዓመት ክረምት አባቴ ታመመና በሳምንቱ ሞተ። የመጨረሻው ቀን ላይ «አባባ፣ ለማርታ ልንገራት» አልኩት። ዓይኑን ከፍቶ አየኝ። «እንደ ልብሽ» አለኝ። ይህን ቃል ከዚያ በፊት ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ያኔም ይለኝ ነበር። አልጠየቅሁትም።

ማርታ ለቀብሩ አልመጣችም። በሦስተኛው ቀን ግን ለእኔ ብላ ለቅሶ መጣች። ሰው ሲሄድ እግሯ ሥር ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ዓርብ ከሰዓትን፣ አባቴ ያለውን፣ እኔ ያልኩትን፣ ክሩን፣ ስድስቱን ቁልፍ። አላቋረጠችኝም።

«ለምን ረጅሙን መረጥሽ?» አለችኝ።

«እንዳይበርደው።»

እጇን ራሴ ላይ አደረገች። «እኔ እናቱም ያንኑ ነበር የማለብሰው» አለች።

አለቀስኩ። ነጻ የወጣሁ መሰለኝ። ግን እጇ ከራሴ ላይ ተነሣ። ቀና ስል ፊቷ ሌላ ሆኗል።

«አባትሽ በየእሑዱ ሲነሣልኝ…» አለች። «ሽማግሌ ሰው፣ ኮፍያውን አውልቆ… አንቺ ታዪ ነበር?»

«አየው ነበር።»

«ልጄን አንቺ አልገደልሽም። እኔን ግን በደለኛ አደረግሽኝ። ይቅርታ እንዳልለው እሱን ቀበርሽብኝ።»

ነጠላዋን ደርባ ወጣች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጥታ «የት እንደተቀበረ አሳዪኝ» አለችኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድረስ ይዣት ሄድኩ። የመቃብሩ አፈር ገና እርጥብ ነበር። ማርታ ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ ቆመችና፣ በሕይወት ላለ ሰው እንደሚባል፣ «እንደምን ዋሉ አቶ ተሰማ» አለች። ከዚያ መልስ የምትጠብቅ ይመስል ቆመች። ዝናብ መጣል ሲጀምር ክንዷን ይዤ ወሰድኳት።

ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት አብረን ኖርን፤ ያስታመምኳትም እኔ ነኝ። ስፌቴንም ቀጠልኩ። ዓሣ አጥማጆች የላስቲክ ልብስ ለጥገና ሲያመጡልኝ ማንገቻውን በአንድ እጅ ስበው የሚፈቱት አድርጌ እሠራለሁ። ለእያንዳንዱም ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይሞላ ከወገቡ በላይ ቀበቶ ጥብቅ አድርጎ እንዲታጠቅ፣ ኮትም በላዩ እንዳይቆልፍ እነግረዋለሁ። ማንገቻው ላይ ዓይኔ ሲፈዝ እያዩ «ምነው እማማ?» ይሉኛል፤ «ለጥንቃቄ ነው» እላቸዋለሁ።

ማቲዎስን ስላለበስኩት ልብስ ከራሴ ጋር ታርቄያለሁ ማለት እችላለሁ። ስለምወደው ነው ያጠፋሁት፤ እናቱም ይህን አውቃ ነው ያረፈችው። አባቴ ኮፍያውን ይዞ ቆሞ ሲጠብቅ፣ እኔ ሻይ እየቀዳሁ ዝም ያልኩባቸውን እነዚያን ሁሉ እሑዶች ግን ለማን ነው የምናዘዘው? እሱ የለም። እሷም የለችም። ለዚህ ነው ለእናንተ የነገርኳችሁ።